የጎደለበት ይደውል

ጣቢያው ሲከፈት ትምህርት ቤት ነበር ማለት ይቻላል። መሥራቹ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበርና፣ የኬብል ቴሌቪዥን ማለት ለእሱ ጥቁር ሰሌዳውን በየሰዉ ሳሎን መትከል ማለት ነበር። ጠዋት ሒሳብ፣ ከሰዓት በኋላ ጤና፣ አመሻሽ ላይ ሕግ። አስተማሪዎቹ ካሜራ ፊት ሲቆሙ ላብ በላብ ይሆናሉ፣ ጠመኔው ይሰበራል፣ ተመልካቹ ያንጎላጃል። መምህሩ ግን በአንድ ነገር ግትር ነበር፤ ከእሱ ክፍል ማንም ውጭ አይቀርም። መስማት ለተሳናቸው ብሎ በቴሌቪዥኑ መስኮት ቀኝ ጥግ፣ ከታች በኩል፣ አንድ ክብ አስወጣና በውስጡ አንዲት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አቆመ።

ባልደረቦቿ «ክቧ» ይሏታል። ሰውነቷ ቀጭን ነው፣ ፊቷም ሞላላ ነው፤ ስሙ የወጣላት ከምትቆምበት ቦታ ነው። ቋንቋውን ኮርስ ገብታ አይደለም የተማረችው። እናቷ በሕፃንነቷ ታማ መስማት ያቆመች ልብስ ሰፊ ናት፤ ስለዚህ ክቧ አፏን ሳትፈታ እጇን ፈታች።

መምህሩ ሲያረጅ ጣቢያውን ሸጠው። የገዙት ሰዎች ሒሳብ የሚወዱት በሌላ በኩል ነበር። ሰሌዳው ወጣ፣ ከውጭ የመጣ፣ የአማርኛ ድምፅ የተገጠመለት ተከታታይ ድራማ ገባ። ክፍልፋይና የደም ግፊት ሲተረጉም የኖረ እጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ክህደት፣ ቅናት፣ ራስን ስቶ መውደቅና ከሞት መነሣት ተማረ። አፍቃሪዎቹ ሲሳሳሙ ግን ክቧ የምታደርገው ይጠፋታል፤ እጇን አጣምራ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። አንድ ቀን ቤት ስትገባ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ፣ ሰዎቹ በተሳሳሙ ቁጥር ሽቅብ የምታይው ቤቱ ያፈሳል እንዴ ብላ ጠየቀቻት።

የእናትየዋ የስፌት ክፍል ከዚያ ወዲህ ሰው አላጣም። የአናጺው ቤተሰብ፣ አጣቢዋ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሁሉም መስማት የተሳናቸው የድሮ ጓደኞቿ፣ ድራማው ሲደርስ በጨርቅ ክምር መካከል ቦታ ይፈልጋሉ። ተዋናይ በተቀያየረ ቁጥር የምልክት ስም ያወጡለታል፤ አንዱ አፍንጫው፣ አንዷ አረማመዷ። ከድራማው ይልቅ ከድራማው በኋላ ያለው ጨዋታ ይረዝማል።

ከዚያ የዘፈን ውድድር መጣ። ዘፈን እንዴት በእጅ ይዘፈናል ያለ ሁሉ መጥቶ ክቧን ይይ። ትከሻዋ ይዘፍናል፣ ቅንድቧ ይዘፍናል፣ ከክቡ ልትወጣ ትደርሳለች። የስፌት ክፍሉ ታዳሚዎችም አሸናፊውን ቀድመው ያውቃሉ። የተወዳዳሪውን ድምፅ ትተው የዳኞቹን ፊት ነበር የሚያዩት፤ ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ። ከውድድሩ በኋላ ደግሞ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ማንን ፈታ የሚባልበት የወሬ ፕሮግራም ተከተለ። እሱንም ወደዱት። ወሬ የማይወድ ማን አለ?

ችግሩ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የሚቆረሰው ከክቡ መሆኑ ነው። የስፖንሰሩ ምልክት ገባ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ገባ፣ «አሁኑኑ ይደውሉ» የሚለው ቁጥር ገባ። በመምህሩ ዘመን የሳህን ያህል የነበረው ክብ መጀመሪያ የሲኒ ማስቀመጫ፣ ኋላም የካፖርት ቁልፍ አከለ። እናቷ መነጽር ገዛች። ቀጥሎ ወንበሯን አስጠጋች። በመጨረሻ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

በዚህ መካከል አዲስ የፕሮግራም ኃላፊ ተሾመ። ከማስታወቂያ ድርጅት የመጣ፣ ከረባቱ የማይላላ፣ ሰላምታው የማይጓደል ወጣት ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ለክቧ ይቀላት ነበር፤ ክፉን ይረግሙታል፣ ይገላገሉታል። እሱ ግን ወንበር ስቦ ያስቀምጣታል፣ «እትዬ» ይላታል፣ የሚጎዳትንም ነገር በለሰለሰ ቃል ጠቅልሎ ይሰጣታል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል የተባለው እሱን አይቶ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ የሳሙና ፋብሪካ ቀኝ ጥጉን ጠየቀ። አረፋ የምትረጭ ሳሙና ቀን ከሌት እዚያ እንድትሽከረከርለት ይፈልጋል። ኃላፊው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ ክቡን ማን እንደሚያየው የሚያውቅ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጣቢያው ደግሞ ተመልካቹን የሚያውቅበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ስልክ። የድራማው ሰዓት ሲዛወር ስልኩ ይጨናነቃል፣ የተወደደ ተወዳዳሪ ሲወድቅ ስልኩ ውስጥ ይለቀሳል፣ ያልተደወለለት ፕሮግራም ሞቷል ተብሎ ይነሣል። ከሒሳብ እስከ ወሬ ድረስ የወጣውም የገባውም በዚሁ ሕግ ነው። ስለ ክቡ ደግሞ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ሰው ደውሎ አያውቅም።

ስለዚህ ተወሰነ። ክቧ እስከ ወሩ መጨረሻ ከመስኮቱ ትነሣለች። የጎደለበት ይደውል። ከተደወለ ትመለሳለች፤ ካልተደወለ ጥጉ ለሳሙናዋ ይሰጣል፣ የክቧም ውል እዚያው ያበቃል። ሁሉም ፍትሐዊ ነው አለ። የሚገርመው ክቧም በይሁንታ አንገቷን ነቀነቀች። ከስልክ ጋር ተጣብቀው በሚውሉ ሰዎች መካከል ኖራ ኖራ እንደነሱ ማሰብ ለምዳለች።

ማስታወቂያው በዚያው ቀን መነገር ጀመረ። ባማረ ድምፅ፣ ለስላሳ ሙዚቃ ተደርጎበት፣ የምልክት ትርጉሙ ለጊዜው መቋረጡን ገልጾ የጎደለበት ተመልካች እንዲደውል ይጋብዛል። በምልክት የተረጎመው ሰው አልነበረም። አስተርጓሚዋ ተነሥታለቻ።

ቤት ገብታ ለእናቷ ስትነግራት እናትየዋ የያዘችውን መቀስ አስቀመጠች፤ በሙሉ እጇ ለመናገር።

«ምን ያድርግ አሉ?»

«ይደውል።»

«ማን?»

«የጎደለበት።»

እናቷ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ክቧ ያኔ ነው የገባት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ እሷንም ጨምሮ፣ መስማት የማይችል ሰው ስልክ እንዲደውል ወስኖ፣ ፍትሐዊ ነው ብሎ ተጨባብጦ ወጥቷል።

ነገ በጠዋት ገብቼ እነግረዋለሁ አለች። እናቷ የእጇን አንጓዎች ያዘቻት። በእነሱ ቤት ይህ አፍ እንደመያዝ ነው።

«አትነግሪውም» አለቻት ስትለቃት። «ከልጅነትሽ ጀምሮ የምትናገሪልን አንቺ ነሽ። ለሐኪሙ አንቺ፣ ለአከራዩ አንቺ፣ ሒሳብ ለማይከፍለው ደንበኛ አንቺ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው የአንቺን አፍ ነው፤ እኔ ከጎንሽ የቆምኩ ዕቃ እመስላለሁ። ይሄን እኛው እንናገራለን።»

«በምን ልትናገሩ ነው?»

«ስልክ ባይኖረን እግር አለን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ ዘንድ ጓደኞቿ እየመጡ ይሄዳሉ፣ ክቧ ስትገባ እጆች ሁሉ ጭን ላይ ያርፋሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የክቧ ሆድ ግን ይነቅዝ ጀመር። በሥራ ቦታ የድሮ ካሴት እንድትለይ ምድር ቤት አውርደዋታል። ስታልፍ ስልክ የምታነሣው ልጅ ገና ከሩቁ ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች፤ ዛሬም ማንም አልደወለም። ክቧ ከውጭ ሆና ራሷ ልትደውል አሰበች፤ አንዴ በሽማግሌ ድምፅ፣ አንዴ በአሮጊት፣ አንዴ ጉንፋን በያዘው ሰው። ስልኩን አንሥታ ቁጥሩን ጀምራ የእናቷ ሳቅ ይታያትና ትመልሰዋለች። ግን ፈርታለች። ሌላ ሙያ የላትም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በዚያች የጨርቅ ክፍል ውስጥ ሰዎች አሁን ዝም ያለ ሣጥን ፊት መቀመጣቸውን ታውቃለች፤ አፎች ሲከፈቱና ሲዘጉ እያዩ፣ ማን ማንን እንደከዳ ሳያውቁ።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ደረሰ። በዚያ ቀን ደግሞ ለዘፈን ውድድሩ አዲስ ተወዳዳሪዎች ይመዘገቡ ነበር። ግቢው በሚያንጎራጉር ወጣት ተሞልቷል። አንዱ ማር ይልሳል፣ አንዱ ግድግዳ ታቅፎ ድምፁን ይሞርዳል። እንግዳ ተቀባዩ የቁጥር ወረቀት እያደለ ደረት ላይ ያስለጥፋል።

እናትየዋ ሰዎቿን ይዛ የመጣችው በዚህ መካከል ነው። የስፌት ክፍሉ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ከየሰፈሩ የመጣ፣ ከየሥራው ፈቃድ የጠየቀ፣ ልጁን ያዘለ፣ ምርኩዝ የያዘ። እንግዳ ተቀባዩ ሰልፉን አይቶ ለውድድሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንድ የቆየ ዘዴ አላቸው፤ የማያውቁት ሰው ፊታቸው ቆሞ አፉን ካንቀሳቀሰ፣ ፈገግ ብለው አዎን እንደሚል ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰውዬው ደስ ይለዋል፣ ነገሩም ያልፋል። በሙሉ ነቀነቁ። እንግዳ ተቀባዩም ዘንድሮ ሽማግሌው ሁሉ ዘፋኝ ሆነ ብሎ እየተገረመ ለሁሉም ቁጥር ለጠፈላቸው።

ወረፋው ደረሰና እናትየዋ ገባች። መብራቱ በርቷል፣ ካሜራዎቹ እየቀረጹ ነው፣ ሦስቱ ዳኞች ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው ኃላፊው ቆሟል። የድምፅ ባለሙያው ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አወረደው። እሷ ደግሞ እጇን እንዳያደናቅፋት ወደ ጎን አዞረችው። መለሰው፤ አዞረችው።

«እማማ፣ ምን ሊዘፍኑልን ነው?» አለቻት ሴቷ ዳኛ።

እናትየዋ ፈገግ አለች፣ ከዚያም በእጇ መናገር ጀመረች። ዳኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። የውድድሩ ዳይሬክተር፣ የክቧ የረጅም ዘመን ባልደረባ፣ ያንን ፊት ከክቧ ጠረጴዛ ላይ ካለ ፎቶ ታውቀዋለች። ካሜራው እንዳይቆም አዝዛ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ምድር ቤት ወረደች። ክቧ የካሴት አቧራ እንደለበሰች ስትገባ እናቷን በመብራቱ ሁሉ መካከል፣ ደረቷ ላይ ቁጥር ተለጥፎ አየቻት።

«ተርጉሚ» አለቻት እናቷ። «አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ።»

ክቧ ጉሮሮዋን ጠረገች። አስተርጓሚ ናትና፣ እናቷ «እኔ» ስትል እሷም «እኔ» ነው የምትለው።

«ልዘፍን አይደለም የመጣሁት፤ ልደውል ነው። የጎደለበት ይደውል ብላችኋል። ጎድሎብኛል። ይኸው ደወልኩ።»

ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። በለሰለሰው ቃሉ፣ አክብሮቱን ሳይጥል፣ እዚህ ድረስ ከመድከም በስልክ ቢደውሉ እኮ ብሎ ጀመረና እዚያው አፉ ላይ ቀረ። ነገሩ የገባው ከሚያዩት ሰዎች ፊት ነው። ከከረባቱ ጀምሮ እስከ ግንባሩ ድረስ ቀላ።

ቀጣዩ አናጺው ነበር። «ደወልኩ» አለ፣ ወጣ። አጣቢዋ ገባች። «የድራማዋ ልጅ ከአባቷ ታረቀች ወይስ አልታረቀችም? እንቅልፍ አጣሁ። ደወልኩ።» ፀጉር አስተካካዩ ገባ። ልጅ ያዘለችው ገባች። ክቧ ድምፅዋ እስኪሻክር «ደወልኩ» አለች፤ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ። ውጭ ተራቸውን የሚጠብቁት ዘፋኞች ማንጎራጎራቸውን ትተው በሩን ተደግፈው ያያሉ። ማንም ካሜራ አላጠፋም። እናትየዋ ሁሉንም ከጎን ቆማ ታስተናግዳለች፣ ልክ እንደ ሠርግ ባለቤት።

ሲያልቅ ኃላፊው ወደ እሷ መጣ። ክቧን አላየም፣ እናትየዋን ነበር የሚያየው።

«ይቅርታ ያድርጉልን» አላት። «ሳሙናዋ ሌላ ቦታ ትፈልግ። ልጅዎ ነገ ትመለሳለች፣ ክቡም ወደ ድሮው ስፋቱ ይመለሳል።»

«እግዜር ይስጥህ» አለች እናትየዋ። «ግን እስከ መቼ ነው በጥግ? እኛም የምንለው ነገር አለን።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ሁሉም። ለምሳሌ እዚህ ግራ የተቀመጠው ዳኛ ያቺን ቀይ ቀሚስ የለበሰች ልጅ መርጧታል። ገና በር ላይ ቆማ፣ አንድ ቃል ሳትዘፍን፣ ቅንድቡ ተናግሯል።»

ክቧ አንዲት ቃል ሳትጨምር ተረጎመችው። ዳኛው የሚጠጣው ውኃ ትን አለው። ሌሎቹ ዳኞች ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ፣ ካሜራ ባለሙያው ሳቀ፣ ማይክሮፎን ሲያዞር የነበረው ሳቀ። ኃላፊው ግን አልሳቀም። ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ያስባል። ያ ልጅ ሌላው ቢጎድለው የፕሮግራም ሽታ ያውቃል።

የዚያ ቀን ቀረጻ ሳይቆረጥ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ነገር በጣቢያው ታይቶ አይታወቅም። የሚሰሙት ሰዎች ስልኩ እስኪግል ድረስ ደወሉ፤ ያቺን እናት መልሱልን አሉ። ኃላፊውም ቃሉን ጠበቀ፤ ክቡ የሳህን ያህል ሆኖ ወደ ጥጉ ተመለሰ። ከሰሌዳ ወደ ድራማ፣ ከድራማ ወደ ዘፈን፣ ከዘፈን ወደ ወሬ ሲገለባበጥ የኖረው ጣቢያ አሁን አንድ ጊዜ ደግሞ ሊለወጥ ተነሣ። አዲሱ ፕሮግራም «ቅንድብ» ተባለ። እናትየዋ፣ አናጺውና አጣቢዋ ቁጭ ብለው የሳምንቱን ድራማ፣ ዘፈንና ወሬ በእጃቸው ያሙታል። መስኮቱ በሙሉ የእነሱ ነው። ምልክት ለማያውቀው ሕዝብ ክቧ ከመስተዋት ጀርባ ሆና በድምፅ ትተረጉምለታለች።

የመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ነበር የተላለፈው። እናትየዋ ራሷ የሰፋችውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ እንደ ዳኛ ተቀምጣለች። ክቧ ደግሞ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ማይክሮፎኑን ደጋግማ ታስተካክላለች። ያን ሁሉ ዓመት በቴሌቪዥን የታየች ሴት ናት፤ ድምፅዋን ግን ከዚያ «ደወልኩ» ከተባለበት ቀን በቀር ተመልካች ሰምቶት አያውቅም፣ ያኔም ሻክሮ ነበር። መብራቱ በራ። አናጺው የድራማውን ባል አረማመድ አስመስሎ አሳየ፣ አጣቢዋ የወሬ አቅራቢዋን የውሸት እንባ አጋለጠች። ክቧ በመጀመሪያ ተንተባተበች፣ ከዚያ ቃሉ እንደ ውኃ ወረደላት። በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሰዎች እየሳቁ አዝራር መጫን ሲረሱ ይታያታል። ደስታ ደረቷን ሞላው።

ሊያልቅ ሲል እናቷ ፊቷን ወደ ካሜራው አዞረች። ይህ በልምምዱ ላይ አልነበረም።

«ይህ የምትሰሙት ድምፅ የልጄ ነው» አለች በእጇ፤ ክቧም ተረጎመችው። «የእኔን ቃል ተሸክሞ ስንት በር አንኳኩቷል። እኔ ግን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ስታለቅስ በፊቷ ነው የማውቀው፣ ስትዘፍን በአንገቷ። እናንተ ሰምታችሁታልና ንገሩኝ…»

እዚህ ላይ ክቧ አቆመች። እናቷ የቀረችውን ቃል ተናግራ ጨርሳ እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋለች፤ ክቧን ግን እንባዋ ቀደማት። በየሳሎኑ ያለው ሰው ሁሉ ዝምታ ነበር የሚሰማው። አንዱ ባለሙያ ማስታወቂያ ሊያስገባ እጁን ሲዘረጋ ኃላፊው ያዘው፤ ተወው፣ እንጠብቃታለን አለው። ጠበቋት። ክቧ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ አለች።

«ያምራል?» አለች።

በስቱዲዮው ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ካሜራ ባለሙያው፣ መብራት የያዘው፣ ዳይሬክተሯ፣ ከመስተዋቱ ማዶ ኃላፊው፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መዳፉን አርገበገበ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚያጨበጭቡት እንደዚያ ነው፤ አጣቢዋ ናት በልምምድ ጊዜ ያስተማረቻቸው። እናትየዋ እጆቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው፣ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«አውቄ ነበር» አለች። «በእኔ ነው የወጣችው።»

ክቧም እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ አንዲት ቃል ሳታጎድል ተረጎመችው።